ትርፍ እንቅስቃሴ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ ፯ ቀን

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት እያደረገህ ነው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን «ደህና ነኝ» የምትለዋን ቃል ከማንም በላይ የምትጠቀምባት አንተ ስለሆንክ አታምነኝም። አልታመምኩም፤ አልተባረርኩም፤ እማዬም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እስከዚህ አንብበህ እፎይ በል። ከዚህ በታች ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው። ከትናንት ጀምሮ ፈርቻለሁ አባዬ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

በስልክ ልነግርህ ነበር ያሰብኩት። የእኛን ስልክ ግን ታውቀዋለህ። እሑድ እሑድ ኔትወርክ ይገኝበታል ወደምትለው ጉብታ ወጥተህ «ደህና ናችሁ?» ትላለህ፤ እኔ «ደህና ነን» እላለሁ፤ «ትምህርትስ፣ ኢንጂነር?» ስትል «ጥሩ ነው» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን የጉብታውን ንፋስ እናዳምጣለን። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። የነዳጅ ቦቴው ሾፌር ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ካምፓችሁ ይነሳል፤ በሱ እጅ እልከዋለሁ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢደርስህ ነው። ያን ጊዜ ሰኞ አልፏል። የምፈራው ደግሞ ሰኞን ነው። አንተ ይህን ስታነብ የሆነው ሆኗል፤ እኔ ግን ምን እንደሚሆን ሳላውቅ እየጻፍኩልህ ነው።

መጀመሪያ የደበቅኩህን ላውጣ። ለተግባር ልምምድ «አንድ የብረታ ብረት ድርጅት» ደረሰኝ ብዬህ ነበር። ድርጅቱ የድስት ክዳን ፋብሪካው ነው፤ የአንተ የድሮው። ዕጣም አልደረሰኝም፤ ራሴ ጠይቄ ነው የገባሁት። እማዬ «የዚያን ፋብሪካ ነገር አባትሽን እንዳትጠይቂ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ምሳ ዕቃህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ «ከእንግዲህ አልመለስም» አልክ፤ በወሩ እዚያ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሄደህ ዘበኛ ሆንክ። አሥራ ስድስት ዓመት የክዳን መምቻ ፕሬስ ያሠራ ባለሙያ የቆሙ ማሽኖች ጠባቂ ሆነ ተብሎ ሰፈሩ ውስጥ ስንት ነገር ተወራ። የሄድክ ዕለት የቤቱን በር ሳትዘጋ ነው የወጣኸው፤ እሱም ሲገርመኝ ኖሯል። አትጠይቂ ስለተባልኩ አልጠየቅኩም። ሄደሽ አትዪ ያለኝ ግን አልነበረም።

ምን እንደምማር ሦስት ጊዜ ጠይቀኸኝ ሦስቴም ሳይገባህ «ጎበዝ» ብለኸኛል። ስሙ አጠቃላይና ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ነው። የሕንፃ ተማሪዎቹ «አጠቃላይ ማለት ምንም ማለት ነው» እያሉ ያሾፉብናል፤ ጎረቤታችን ደግሞ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እንደምንማር ስነግራት «እንግዲያው የኔን ቧንቧ ጠግኚልኝ» አለች። ዋናው ነገሩ ግን ሰውና ማሽን አብረው ሲሠሩ ማየት ነው። አንድን ሥራ ወደ ትናንሽ እንቅስቃሴዎች ትበትነዋለህ፤ እያንዳንዷን በሰዓት ትለካለህ፤ ከጎኗ «አስፈላጊ» ወይም «ትርፍ» ብለህ ትጽፋለህ። ትርፏን ስታወጣ ሥራው ይፈጥናል። የአምስት ዓመቱ ትምህርት ቢጨመቅ የሚወጣው ይኸው ነው።

ይቺ «ትርፍ» የምትባል ቃል ናት ጉድ የሠራችኝ። እኔ ትርፍ ስል የማያስፈልግ ማለቴ ነው። የፋብሪካው ፎርማን ትርፍ ሲሰማ ደግሞ ጥርሱ እስከ መንጋጋው ይታያል። ስድስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ቃል ሁለት ነገር እያወራን በደስታ ተግባባን።

ሦስት ቁጥር ፕሬስ ላይ መደቡኝ። አሁንም እዚያው ቦታው ላይ ነው፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ምሰሶ አጠገብ፤ ከሥሩም ያ የዘይት ባልዲ አለ። ከፊት ቆሞ ቆርቆሮውን የሚያስገባውና ፔዳሉን የሚረግጠው ሠራተኛ «ችኩሉ» ይባላል፤ በፋብሪካው ውስጥ ከሱ የሚዘገይ ስለሌለ ነው። ከማሽኑ ጀርባ ተቀምጠው የተመታውን ክዳን በእጃቸው እየሳቡ የሚያወጡት ደግሞ እትዬ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። አጠር ያሉ፣ በማሽን ጩኸት ብዛት ጆሯቸው የደከመ፣ ቀልዱን ሳይሰሙት ቀድመው የሚስቁ ሴት ናቸው። ግራ እጃቸው ላይ ሁልጊዜ ጓንት አለ፤ ቀኙ ባዶ ነው። ይህንንም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም። «ሥራን ስታጠኑ ሰውየውን አትዩ፣ እንቅስቃሴውን እዩ» ተብለናላ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ችኩሉን ለካሁት፤ ሐሙስ እትዬን። እንደዚያ ነው የተማርነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቅጽ። ችኩሉ ቆርቆሮውን ያነሳል፤ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ፔዳሉን ከመርገጡ በፊት የማሽኑን ጎን በጣቱ አንጓ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ቀለሙ የሳንቲም ያህል ተፋቆ ብረቱ ያበራል። ትንሽ ይጠብቅና ይረግጣል። አርባ ክዳን ሲያወጣ ለካሁት፤ መታ መታዋና ጥበቃዋ አንድ ሰከንድ ይፈጃሉ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«እሷማ አለሽ ናት።»

«አለሽ ማለት?»

«አለሽ ነዋ! እኔ እትዬን አለሽ እላታለሁ፣ እሷ አለሁ ትለኛለች። በቃ።»

ሳቅኩ አባዬ። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «አለህ?» «አለሁ» እንደሚባባለው መሰለኝ። ቅጹ ላይ «ሰላምታ፣ አንድ ሰከንድ፣ ትርፍ» ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ ደግሞ ከማሽኑ ጀርባ ሆኜ «ግራ እጅ ብረቱ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል፤ አንዴ መታ ያደርጋል፤ ትርፍ» አልኩ። «ሁለቱም እጆች አብረው ይሳቡ» የሚል የማሻሻያ ሐሳብም ጨመርኩበት። ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር የሚጠበቅብኝ።

ፎርማኑ ሪፖርቱን ሲያነብ «በቀን ሁለት ሺህ ጊዜ ሰላምታ! የሥጋ ዘመድ እንኳ እንዲህ አይጠያየቅም!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሰላምታዋ ብትቀር በቀን ሁለት መቶ ሠላሳ ክዳን ተጨማሪ ይወጣል። የዩኒቨርሲቲው አማካሪዬ ገጹ ላይ በቀይ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈበት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ፣ እንደዚያ እየሳቅኩ ነው የሄድኩት።

ትናንት ከምሳ በኋላ የአንድ ሰዓት ሙከራ ተደረገ። ፎርማኑ ወረቀቴን በላስቲክ ሸፍኖ ምሰሶው ላይ ለጠፈው፤ ከታች ስሜና ፊርማዬ አለ። ችኩሉ ቀስ ብሎ አነበበውና ወደኔ ዞረ። «ኢንጂነር፣ ሌላውን ሁሉ ውሰጂ፤ አለሽን ብቻ ተዪልኝ» አለኝ። ፎርማኑ አጠገባችን ቆሟል። እሱ ፊት ላለማነስ ብዬ «ከሥራ ስትወጡ ሰላም ትላቸዋለህ» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደ። ችኩሉ ያስገባል፣ ይረግጣል፤ ያስገባል፣ ይረግጣል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። እኔ ከጎን ሆኜ ሰዓቴን ይዣለሁ፤ ቁጥሩ እያማረልኝ ነበር። ድንገት ከማሽኑ ጀርባ ትንፋሽ ይሁን ጩኸት ያልለየሁት ድምፅ መጣ። ችኩሉ ከፔዳሉ ላይ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ዞሬ ስደርስ እትዬ ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ይዘዋል። የጓንቱ ሁለት ጣቶች የሉም። መሃለኛውና የቀለበቱ ከሥራቸው ተቆርጠው የተመታው ክዳን ላይ ወድቀዋል።

ጮህኩ። ከዚያ በዓይኔ ደሙን ፈለግኩት። ደም የለም። ከተቆረጠው ጓንት ውስጥ የሚወጣው ጥጥ ነው።

«ተይ ልጄ፣ አትጩሂ፤ እነዚህንማ ድሮ ወስዷቸዋል» አሉኝ እትዬ። ሊስቁ ሞከሩ። ችኩሉ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን በሁለት እጁ ይዞታል፣ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት የፈራ ይመስል።

ከውጭ ቧንቧው አጠገብ ካለው የቆርቆሮ ክምር ላይ ተቀመጥን። ፊቴን በውሃ ያጠቡኝ እሳቸው ናቸው፤ እጁ ሊቆረጥ የነበረው ሰው አጽናኝ፣ ያስቆረጠው አልቃሽ። ጆሯቸው ስለደከመ ምስጢርም ቢሆን በጩኸት ነው የሚያወሩት።

«የማን ልጅ እንደሆንሽ የማላውቅ መስሎሻል?» አሉኝ። «በመጀመሪያው ቀን ነው የለየሁሽ። ያን ሰዓትሽን ከመጫንሽ በፊት በእርሳስሽ ሰሌዳሽን ሁለቴ መታ መታ ታደርጊያለሽ።»

እጄን አየሁት። እርሳሱ አሁንም በጣቶቼ መሃል ነበር።

ከዚያ ነገሩኝ አባዬ። ያልነገርከኝን ነገሩኝ። አትደንግጥ፤ እንዳታፍርም። ያን ቀን ጥድፊያ እንደነበር፣ አለቃ ከኋላችሁ ቆሞ ቶሎ በሉ ይል እንደነበር፣ አንተ እንደረገጥክ፣ የእሳቸው እጅ ደግሞ ገና እንዳልወጣ። ሁለት ወር ሆስፒታል ከርመው ሲመለሱ ማሽኑ ጎን ቆመህ እንደጠበቅካቸው።

«አቀርቅሮ ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ» አሉ፣ «ብረቱን ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ‹ይቺ አለሽ ማለት ናት› አለኝ። ‹ጆሮሽ ባይሰማ እጅሽ ይሰማል። አንዱን እጅሽን ብረቱ ላይ አድርጊ። ሌላውን አውጥተሽ፣ አንዴ መትተሽ አለሁ ካላልሽኝ ፋብሪካው ቢቃጠል አልረግጥም› አለኝ። ሦስት ወር እንደዚያ ሠራን። ለሌሎቹም አስተማራቸው። ከዚያ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ፤ እዚያ ማሽን ላይ የአንድ ሰው ጥፍር አልተነካም።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ያተረፈችዋን ነገር ነው እኔ ትርፍ ብዬ የሰረዝኳት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይህን ከራሴ ማውጣት አልቻልኩም።

«ጻፊለት» አሉኝ በመጨረሻ። «አልተቀየምኩህም ትልሃለች በይው። በቀሩት ጣቶቼ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ሰውም እቆነጥጣለሁ በይው።» ብለው ክንዴን ቆነጠጡኝ። የምራቸውን ነው አባዬ፤ እስካሁን ቀልቷል።

ቀጥዬ ወደ ፎርማኑ ቢሮ ገባሁ። «ጓንት ነው የተቆረጠው» አለኝ ቀና ሳይል። «ጓንት መጋዘን ሞልቷል።» ሪፖርቴን መልስልኝ ስለው ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱንም ከላይ የሚያጣድፈው አለ፤ ይህን ዓይኑ ላይ አየሁት፣ ያም ይበልጥ አስፈራኝ። «ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል በአዲሱ አሠራር ይጀመራል» አለ። «ከሥሩ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ስትፈርሚ ያልፈራሽ አሁን ምን ሆንሽ?» እውነቱን ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አማካሪዬ ጋ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ የድሮ ተማሪዎች ጥራዝ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ አንዱን ጥራዝ መስኮቱ እንዳይዘጋ ደግፎበታል። ሁሉንም ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ አደረገ፤ እንደገና አወለቀ።

«ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ» አለኝ። «ግን ሪፖርቱን ካነሳሽ ለመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ የምታቀርቢው የለሽም። ዲፌንስ ከሌለ ዘንድሮ ምረቃ የለም። አሁን ዝም በይ፤ ተመረቂና ስህተት ነበር ብለሽ ትጽፊላቸዋለሽ። ምን ያህል ቀረው? አምስት ሳምንት ነው።»

አምስት ሳምንት፣ በቀን ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ጊዜ በላይ። ማባዛት ጀምሬ ተውኩት።

ይኸው እቤት ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ለምረቃዬ ብለህ ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ፈቃድህን እንደጠየቅክ አውቃለሁ። እማዬ ግራጫ ኮትህን ከሻንጣ አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቅላዋለች፤ ስወጣ ስገባ ኮቱ የሚያየኝ ይመስለኛል። ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። ሰኞን እፈራለሁ፤ ፎርማኑን እፈራለሁ፤ ኮቱንም እፈራለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዝም ብዬ ቀኑን ብጠብቅ የሚመጣው ነው። የሚቀጥለው ጓንት ውስጥ ጥጥ አይሆንም ያለው። መሳቢያ እንኳ መዝጋት አቅቶኛል አባዬ። ሁሉም ነገር ጣት የሚይዝ ይመስለኛል።

እጄ ደከመ። ነገ ልጨርሰው።

እሑድ ጠዋት

ለእማዬ ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ፋብሪካው መግባቴን ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን «ያን ጊዜ ለሴትዮዋ ሆስፒታል ምግብ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ» አለችኝ። «አባትሽ እስከ በሩ ይሸኘኛል፤ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን ወደ ውስጥ አልገባም።» አንድ ሸሚዝ አጥባ ጨመቀች። ከዚያ «የቤታችንን በርስ ታስታውሺዋለሽ?» አለችኝ።

እንዴት አላስታውስም። የትኛውንም በር ከመዝጋትህ በፊት ሁለቴ መታ መታ ታደርግ ነበር፤ የመኝታ ቤቱን፣ የቁም ሳጥኑን፣ መሳቢያውን ሳይቀር። እኔ አንዴ መትቼ ካልመለስኩልህ አትዘጋም። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ ትንሽ ከፍ ስል ደግሞ ጓደኞቼ ፊት አፍርብህ ጀመር። ወደ ካምፕ የሄድክ ዕለት ሻንጣህን ይዘህ ከውጭ በኩል ሁለቴ መታ መታ አደረግክ። እኔ ከበሩ ኋላ አኩርፌ ቆሜ ነበር። ጥሎን ሊሄድ ነው ብዬ መልስ አልሰጠሁህም። ብዙ ቆየህ። ጫማህ ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በሩን ክፍት ትተህ ሄድክ። እማዬ «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ፣ በር አይዘጋም?» ብላ ነበር። መልስ ሳይሰማ የማይዘጋ ሰው መሆንህን ያወቅኩት ገና ዛሬ ነው።

አሁን የወሰንኩትን ልንገርህ። ሪፖርቴን አንስቻለሁ የሚል ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ጽፌያለሁ፤ አንዱ ለፎርማኑ፣ አንዱ ለሥራ አስኪያጁ፣ አንዱ ለአማካሪዬ። ነገ ደወሉ ሳይደወል እገባለሁ። የለጠፉትን ወረቀት ከምሰሶው ላይ ነቅዬ ሌላ እለጥፋለሁ። ሌላው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አለሽ፣ አንድ ሰከንድ፣ አስፈላጊ።»

ለችኩሉም ዛሬ ማለዳ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ራሱን እያከከ ረጅም ጊዜ አሰበ፤ ችኩሉ አይደል። «አንቺ አጠገቤ ከቆምሽ እኔም ያለ አለሽ አልረግጥም» አለኝ። ነገ ፎርማኑ ፊት ቢፈራ አልፈርድበትም፤ ቤተሰብ አለው። ጥበቃ ጠርተው ቢያስወጡኝ ደግሞ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ደፋር ሆኜ እንዳይመስልህ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ትለኝ የለ? ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ለቀማውም የኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስትደውል ምንም አልነግርህም። «ደህና ነን» እልሃለሁ፤ እንዳትታዘበኝ።

ፈቃድህን ግን አትመልሰው። ኮትህም ፀሐዩን ይሙቅ። ለምረቃ ባይሆንም ና። እትዬ ከሥራ ወጥተው የሚሄዱበትን መንገድ አውቀዋለሁ፤ አብረን እስከ ቤታቸው እንሸኛቸዋለን። ምንም መናገር አይጠበቅብህም፤ ብትናገርም አይሰሙህም። እጃቸውን ግን ይሰጡሃል፤ የቱን እንደሚሰጡህ እኔ አላውቅም።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ፤ ጉብታው ላይ ስትወጣ እግርህን ይጠብቅልኝ። አንተም ስለ እጃችን ጸልይ፤ ስለ ሁላችንም እጅ። የሚቀጥለው እሑድ ስትደውል «ደህና ናችሁ?» አትበለኝ። ስልኩን ሁለቴ መታ መታ አድርገው፤ ምንም ሆኖ ቢሆን እመልስልሃለሁ።

ያን ቀን ያልመለስኩልህን ግን እስከዚያ አላቆየውም። ይህን ወረቀት ከማጠፌ በፊት ጠረጴዛውን አንዴ መታሁት።

አለሁ፣ አባዬ። በሩን ዝጋው።

ልጅህ፣
ገና ኢንጂነር ያልሆነችው